እናቴ «ጎርፍ በፍጹም አያሰጋኝም» አለች፤ የቤቱ ካርታ ግን ጣሪያ ሥር ተሰቅሏል

ቦርከና_ዳር (ክሩን የከፈተ) · ሐምሌ 18፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለዚህ መድረክ ሰዎች። ነገሩ ረዘም ይላል፤ ቡና የሚያፈላ ካለ አሁን ይጣድ።

ተወልጄ ያደግሁት ኮምቦልቻ ነው። የእናቴ ቤት ከቦርከና ወንዝ መቶ እርምጃ አይርቅም፤ ክረምት ሲገባ የምንተኛው የወንዙን ድምፅ እየሰማን ነው። አሁን ለሁለተኛ ዲግሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ይዣለሁ። ርዕሱ በባሕር ዳርቻ ከተሞች የሚኖሩ ሰዎች የጎርፍን አደጋ እንዴት እንደሚያዩት ነው። ባሕር የሌለው አገር ልጅ ስለ ባሕር ይጽፋል ብላችሁ እንዳትደክሙ፤ ወንድሜ ቀልዶ ጨርሶታል። ስለ ጃካርታ፣ ስለ ደርና፣ ስለ ታክሎባን ሳነብ ከረምሁ። የማነበው ሁሉ ዞሮ ዞሮ አንድ ጥያቄ ላይ ያርፋል፦ ውሃው እንደሚመጣ እየታወቀ ሰው ለምን አይነሣም?

ባለፈው ሳምንት ሁለት ወጣቶች መጠይቅ ይዘው ወደ ሰፈራችን መጡ። እናቴ በር ላይ ተቀበለቻቸው፤ ወንበር አወጣች፤ ቡና ቀዳች። እኔ ከውስጥ እሰማለሁ።

«እማማ፣ የጎርፍ አደጋ ምን ያህል ያሰጋዎታል? በጣም፣ በመጠኑ ወይስ በፍጹም?»

«በፍጹም» አለች እናቴ፤ ሲኒውን እንኳን ሳታስቀምጥ። ልጁ ምልክት አደረገ። ሁለተኛውን ስኒ ጠጥተው፣ አመስግነው ሄዱ።

በማግስቱ ቆርቆሮው ሲያፈስ መሰላል ይዤ ወጣሁ። ጣሪያ ሥር፣ ወራጁ ላይ፣ አንድ ቢጫ ጀሪካን ተንጠልጥሏል። ጎኑ በቢላዋ ተከፍቶ እንደ ኪስ ሆኗል። ውስጡ ሦስት ጊዜ የተደራረበ ፌስታል፤ ፌስታሉ ውስጥ የቤቱ ካርታ፣ የአባቴ የጡረታ ደብተር፣ የእኔና የእህቴ የስምንተኛ ክፍል ካርድ፣ የሠርጋቸው ፎቶግራፍ፣ ሻማና ክብሪት። ገመዱ የታሰረው አንዱን ጫፍ ሲስቡት በሚፈታ ቋጠሮ ነው። በጨለማ፣ በዳበሳ የሚፈታ።

ወርጄ ጠየቅኋት።

«እሱ ለአይጥ ነው» አለች።

እንግዲህ እናቴ ወረቀቱ ላይ «በፍጹም የማይሰጋት» ተብላ ተመዝግባለች። ጀሪካኑን ማን ይመዘግበዋል? እናንተ ቤትስ ምን ተሰቅሏል?

ጦሳ_ሥር · ሐምሌ 18፣ ከምሽቱ 3፡05

ርዕሱን በችኮላ ሳነበው ስለ ባሕር ዳር ከተማ መስሎኝ ጣና ሞላ እንዴ ብዬ ደንግጬ ነበር። ወንድሜ፣ ሥራ ፈትተሃል። እኛ ደሴዎች ከባሕር ወለል በላይ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሜትር ገደማ ላይ ነን። ባሕር እዚህ ሲደርስ ዓለም ካለቀ ቆይቷል ማለት ነው። ለማንኛውም እናትህ ልክ ናቸው፤ አይጥ ካርታ ይበላል።

የጅዳዋ · ሐምሌ 18፣ ከምሽቱ 4፡22

የጦሳው ወንድማችን፣ ጎርፍ የሚመጣው ከባሕር ብቻ መሰለህ?

ጅዳ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ከተማዋ ቀይ ባሕርን ተደግፋ የተቀመጠች ናት። በ2002 ዓ.ም. ኅዳር 16 ቀን፣ በሐጅ ሰሞን፣ ያጥለቀለቃት ግን ባሕሩ አይደለም። ከምሥራቅ ካሉት ኮረብታዎች በደረቅ ሸለቆዎች በኩል የወረደ ደራሽ ውሃ ነው። በዓመት ከሚዘንበው የበለጠ ዝናብ በጥቂት ሰዓታት ወረደ፤ ከ100 በላይ ሰው ሞተ። ከሁሉ የከፋው ቁወይዛ የሚባለው ሰፈር ላይ ነው፤ የሸለቆው መውጫ ላይ የተሠራ ሰፈር።

እኔ የነበርሁበት ቤት ፎቅ ነው። አሠሪዬ በረንዳ ላይ ወጥታ ባሕሩን ታያለች። ማዕበሉ ከፍ ይል እንደሆነ ትጠብቃለች። ውሃው ደግሞ ከጀርባዋ፣ በመንገዱ፣ መኪናውንና የቆሻሻ ገንዳውን አንድ ላይ እየገፋ ይመጣል። ጠርቼ እስካዞርኋት ድረስ አላየችውም። ጎርፍ ሲባል እስከ ዛሬ በዓይኔ የሚመጣው ውሃው ሳይሆን የእርሷ ጀርባ ነው።

ደግሞ ከዚያ በኋላ የሆነውን ስሙ። ከተማው ሁሉ ስለ ሚስክ ሐይቅ ማውራት ጀመረ። ስሙ ሽቶ ነው፤ ሐይቁ ግን የከተማው ፍሳሽ በቦቴ እየተጋዘ የሚደፋበት ነው። ግድቡ ይፈርስብናል ተብሎ ሰው እንቅልፍ አጣ። የገደለው ሸለቆ ደርቆ ስለነበር ተረሳ። በ2003 ዓ.ም. ጥር ላይ ጅዳ እንደገና በጎርፍ ተመታች። ሰው የሚሸተውን ይፈራል። ደረቅ ወንዝ ማን ይፈራል?

አሰብ_መስመር · ሐምሌ 19፣ ከጠዋቱ 12፡50

ልጆቼ፣ ደረቅ ወንዝን ሾፌር ይፈራል።

በደጉ ጊዜ ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ አሰብ እንወርድ ነበር፤ ኋላ ደግሞ መስመሩ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ጅቡቲም የባሕር ከተማ ናት፤ የሚያስለቅሳት ግን አምቡሊ የሚባለው ደረቅ ወንዝ ነው። አምቡሊ ስታዩት አሸዋ ነው። በ1996 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ በሌሊት ሞልቶ ብዙ ሰው ወሰደ። በ2012 ዓ.ም. ኅዳርም የሁለት ዓመት ዝናብ በአንድ ቀን ወረደ ተባለ፤ እኔ ወደብ ላይ ጭነት እየጠበቅሁ ነበር፤ ሦስት ቀን ከጋቢና አልወረድሁም።

የራሴን ላጫውታችሁ። አንድ ጊዜ አፋር ውስጥ፣ ፀሐዩ አናት የሚበሳ ሰዓት ላይ፣ ረዳቴ «ጋሼ፣ ድልድዩ ሥር ጥላ አለ፤ እዚያ አቁመን እንተኛ» አለኝ። ወንዙ ደረቅ ነው፤ የፍየል ኮቴ ይታያል። ልንወርድ ስንል አንድ አፋር ከብት ጠባቂ ከሩቅ ጮኸብን። ቋንቋውን አልሰማሁም። በዱላው ግን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ወሎ ተራራ ጠቆመ። ሰማዩ እዚያ ጠቁሯል። እኛ ዘንድ አንዲት ደመና የለችም። መኪናውን ወደ ላይ አወጣሁት። ቡናችንን ሳንጨርስ ውሃው ግንድ ተሸክሞ መጣ።

ያ ሰው ስለ ጎርፍ ሥልጠና የወሰደ አይመስለኝም። ማየት ያለበት ወዴት እንደሆነ ያውቃል፤ ሌላ ምንም አይደለም። ድሬዳዋም እንዲሁ ነው የሆነችው፤ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ከሐረርጌ ደጋ ወርዶ ሰዎቹ በተኙበት ደረሰባቸው፤ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ደቻቱም ቀን ቀን አሸዋ ነው፤ ገበያ ይቆምበታል።

ግልጹን_እናውራ · ሐምሌ 19፣ ከቀኑ 6፡15

ሁላችሁም ተረት ታወራላችሁ። ነገሩ ቀላል ነው፤ ወንዝ ዳር ቤት የሠራ ሰው ግንዛቤ የለውም። ግንዛቤ ማስጨበጫ ይሰጠው፤ አልሰማም ካለ ይነሣ። የሞተ ሰው ሲቆጠር ደግሞ «መንግሥት የት ነበር» ይላል።

ባለ_አንድ_ክፍል · ሐምሌ 19፣ ከቀኑ 6፡48

ወንድም ግልጹ፣ የጎደለኝ ግንዛቤ አይደለም። የኪራይ ብር ነው።

ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው። ኮምቦልቻ ላይ ከመንገድ በላይ ያለ አንድ ክፍልና ከወንዙ አጠገብ ያለ አንድ ክፍል በዋጋ እንደማይገናኙ የተከራየ ሁሉ ያውቃል። ልዩነቱ የልጄ የትምህርት ቤት ወጪ ነው። በየወሩ እከፍለዋለሁ ወይም አልከፍለውም። ጎርፉ ግን በየወሩ አይመጣም። አንተ ብትሆን የቱን ትመርጣለህ? አከራዬም ያውቃል። አልጋውን በአራት ብሎኬት ላይ አስቀምጦ ነው ያከራየኝ። «ለምንድን ነው?» ስለው «ሥሩ ዕቃ ማስቀመጫ እንዲሆንህ» አለኝ። እንግዲህ የእሱም ለአይጥ ነው።

ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን ላይ በ2014 ዓ.ም. ሚያዝያ ከ400 በላይ ሰው ሲሞት ዜናውን አይቻለሁ። ከሞቱት ብዙዎቹ በወንዝ ዳርና በተዳፋት ላይ በቆርቆሮና በጣውላ ቤት የሚኖሩ ናቸው። ግንዛቤ ስለሌላቸው ነው እዚያ የሄዱት? ሥራው ያለው ከተማ ውስጥ ነው፤ ባዶ የቀረው መሬት ደግሞ ያ ብቻ ነው።

ግልጹን_እናውራ · ሐምሌ 19፣ ከቀኑ 7፡02

የችግር ጉዳይ ከሆነ ሌላ ነው። እኔ የማወራው አቅም እያላቸው ወንዝ ዳር ፎቅ ስለሚያቆሙት ነው።

ባለ_አንድ_ክፍል · ሐምሌ 19፣ ከቀኑ 7፡04

እንዲያ ብለህ ብትጽፍ መች እጣላህ ነበር።

ሽምብራ_ቆጣሪ · ሐምሌ 19፣ ከምሽቱ 1፡30

ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። በየዓመቱ የምሰማት አንዲት ስህተት አለች፤ እርሷን ብቻ ላንሣ።

«ከመቶ ዓመት አንዴ የሚመጣ ጎርፍ» ሲባል ሰው የሚሰማው ቀጠሮ ነው። አያቴ አይታዋለች፤ ስለዚህ የሚቀጥለው ለልጅ ልጄ ነው ይላል። ተማሪዎቼን በከረጢት 100 ሽምብራ አስቆጥራቸዋለሁ፤ አንዷን በቀለም አጥቁረናታል። በየዓመቱ ዓይንህን ጨፍነህ አንድ ታወጣለህ፤ አይተህ ትመልሳታለህ። ጥቁሯ ዘንድሮ ወጣች ማለት ለከርሞ ከረጢቱ ውስጥ የለችም ማለት አይደለም። መልሰሃታል። ቤት ሠርተህ 30 ዓመት ብትኖርበት ጥቁሯን ቢያንስ አንድ ጊዜ የማውጣት ዕድልህ ከመቶ 26 ነው። ከአራት ሰው አንዱ ማለት ነው። ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ «ከመቶ አንድ» ስላቸው ግን ይስቃሉ። ቁጥሩ ያው ነው።

አምና አንድ ልጅ፣ ቤታቸው ከወንዝ ዳር የሆነ፣ እጁን አወጣና «መምህር፣ ሽምብራው ሳይመለስ የሚቀርበት ሰፈር የት ነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

ጋቢዮን · ሐምሌ 20፣ ከጠዋቱ 2፡10

የመምህሩን ሽምብራ ወደድኋት። ከሙያዬ አንድ መራራ ነገር ልጨምርበት፤ ግንብ እንሠራለን፤ ግንቡ ሰው ይጠራል።

ወንዝ ዳር የድንጋይ ግንብ ወይም በሽቦ የታሰረ ድንጋይ ስትደረድር ትናንሽ ጎርፎች ይቆማሉ። ሰው አምስት ክረምት ደረቅ ሆኖ ያልፋል። ከዚያ ቀድሞ ሰው ይሸሸው የነበረው መሬት ላይ አጥር ይታጠራል፤ ቀጥሎ ቤት፤ ቀጥሎ መጋዘን። ግንቡን የሚያልፍ ውሃ በመጣ ቀን የሚጠፋው ግንቡ ባይኖር ሊጠፋ ከነበረው ይበልጣል። ጊልበርት ዋይት የሚባል አሜሪካዊ የጂኦግራፊ ምሁር ይህን ካስተዋለ ሰማንያ ዓመት ገደማ ሆኖታል። እኔ ራሴ በወጣትነቴ አንድ ከተማ ላይ ግንብ ሠርቼ፣ በስድስተኛው ዓመት ተመልሼ ሳይ ከኋላው መዋለ ሕፃናት ተከፍቷል። ተመርቆ ሪባን የተቆረጠበት ፎቶግራፍ ላይ ግንቡ ከበስተኋላ ይታያል። ያን ቀን ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ደርናን ያየ ይህን ያውቃል። የሊቢያ የባሕር ከተማ ናት። ከበላይዋ ባለው ሸለቆ ላይ ሁለት ግድቦች ነበሩ፤ የተሠሩት እርሷኑ ከጎርፍ ለመጠበቅ ነው። በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 5 ለ6 ሌሊት፣ እኛ ለእንቁጣጣሽ ስንሰናዳ፣ ዳንኤል የተባለው ዐውሎ ነፋስ ባወረደው ዝናብ ሁለቱም ተደረመሱ። ሺዎች ሞቱ። የከተማዋን እምብርት ውሃው ጠርጎ ወደ ባሕር ነው የወሰደው። ከባሕር የመጣ ምንም የለም።

እና «የሕዝቡ አመለካከት» እየተባለ የሚጠናው የነዋሪው ብቻ ለምን ይሆናል? የእኛ የመሐንዲሶቹስ? «ጠብቀንሃል» ብለን የነገርነው እኛ ነን።

የጅዳዋ · ሐምሌ 20፣ ከጠዋቱ 3፡00

መሐንዲሱ ወንድማችን አላህ ይስጥህ። እንዲህ የሚል ባለሙያ ሰምቼ አላውቅም።

እንዲያው_ለነገሩ · ሐምሌ 20፣ ከጠዋቱ 4፡17

የአላህ ነገር ከተነሣ ልጠይቅ። አባቴ ጎርፍ ሲነሣ «የፈጣሪ ቁጣ ነው፤ ግንብ አያቆመውም» ይላሉ። ይህንንስ በምን ይመዘግቡታል?

አሰብ_መስመር · ሐምሌ 20፣ ከቀኑ 6፡40

አባትህን አትንካቸው። እኔም ስወጣ ዱዓ አደርጋለሁ፤ ፍሬኔንም አያለሁ። ግመልህን እሰር፤ ከዚያ በአላህ ተመካ ተብሏል። ይልቅ አባትህ በክረምት እህሉን የት እንደሚያስቀምጡት ሄደህ እይ።

እንዲያው_ለነገሩ · ሐምሌ 20፣ ከምሽቱ 1፡12

ቆጥ ላይ።

ቦርከና_ዳር · ሐምሌ 21፣ ከምሽቱ 2፡00

ከመመረቂያ ጽሑፌ ይልቅ ይህ ክር አስተማረኝ። ካነበብሁት ሁለት ታሪክ ልመልስላችሁ፤ ሁለቱም ስለ ቃል ናቸው።

ታክሎባን የፊሊፒንስ የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት። በ2006 ዓ.ም. ጥቅምት 29 ሃይያን የተባለው ዐውሎ ነፋስ ሲመጣ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷል። ነፋሱ ባሕሩን ገፍቶ ወደ የብስ እንደሚያስወጣው በሳይንሱ ስም፣ «ስቶርም ሰርጅ» ተብሎ ተነግሯል። ቃሉ እንግሊዝኛ ነበር፤ ብዙ ሰው አልገባውም። ነፋስ ይመጣል ብሎ ቆርቆሮውን አሰረና ቤቱ ቆየ። የመጣው ግን እንደ ግድግዳ የቆመ ውሃ ነው። በአገሪቱ ከ6,000 በላይ ሰው ሞተ። የተረፉት ኋላ ሲጠየቁ «ሱናሚ ብትሉን ኖሮ እንሮጥ ነበር» አሉ። ቃሉ ለሳይንሱ ትክክል አይደለም፤ ለእግር ግን ትክክል ነበር።

ሁለተኛው ሲሜሉ ነው፤ ሱማትራ አጠገብ ያለ የኢንዶኔዢያ ደሴት። እዚያ በ1907 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ባሕሩ ገንፍሎ ብዙ ሰው ፈጅቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌዎቹ «ስሞንግ» የምትል ቃል በተረትና በእሹሩሩ ለልጆች ሲያቀብሉ ኖሩ፦ መሬት በኃይል ከተንቀጠቀጠ፣ ባሕሩም ወደ ኋላ ከሸሸ፣ ወደ ኮረብታ ሩጥ። በ1997 ዓ.ም. ታኅሣሥ 17 ታላቁ ሱናሚ ሲነሣ ደሴቱ ለመናወጡ መነሻ ቅርብ ነበር። ሰው ሁሉ «ስሞንግ!» እያለ ሮጠ። ከ70 ሺህ በላይ ከሆነው ነዋሪ የሞተው ሰባት ሰው ነው። በማስጠንቀቂያ መሣሪያ አይደለም፤ በአያት ቃል።

እኛስ ምን ቃል አለን? «የጎርፍ ስጋት» ስትል እናቴ ወረቀት ይታያታል። «ደራሽ» ስትላት ግን ብድግ ትላለች። ነገ ሌላ ዓይነት ጥያቄ ልጠይቃት ነው። እመለሳለሁ።

(ጃካርታን ሳልጽፍ አላድርም። ሰሜኑ ክፍል መሬቱ ራሱ ይሰምጣል፤ አንዱ ትልቁ ምክንያት ከሥሩ የጉድጓድ ውሃ መሳቡ ነው። ነዋሪው በየጥቂት ዓመቱ አፈርና ስሚንቶ እየጨመረ ወለሉን ከፍ ያደርጋል፤ ጭንቅላቱ ከጣሪያው ጋር እስኪጋጭ። መንግሥት በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ ዋና ከተማውን ወደ ቦርኔዎ አዛውራለሁ አለ። ዓሣ አጥማጁ ግን ወለሉን መሙላት ቀጠለ። ይህንን «ደንታ ቢስነት» ብሎ የጻፈ ሰው አንብቤ ተናድጃለሁ።)

ጦሳ_ሥር · ሐምሌ 21፣ ከምሽቱ 4፡35

መጀመሪያ የቀለድሁት እኔ ነኝ። አሁን ልናዘዝ።

የእኛ ቤት ደሴ፣ ተዳፋቱ ላይ ነው። ደሴን ለማያውቅ፦ ከወዲህ የጦሳ ተራራ፣ ከወዲያ አዝዋ፣ መካከሉ እኛ። ቦርከና ከላይ ከኩታበር በኩል መጥቶ በመካከላችን አልፎ በዶሮ መዝለያ ገደል ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። የእኛ ስጋት ውሃው ብቻ አይደለም። ክረምት መሬቱ ይጠጣና ይከብዳል፤ ከዚያ ይንሸራተታል። የደሴ መሬት ነገር ባለሙያ ሲያጠናው የኖረ ነው፤ ለማንም አዲስ አይደለም።

እንግዳ መቀበያ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ስንጥቅ አለ። ከመስኮቱ ጥግ ተነሥቶ ወደ ታች ይወርዳል። እናቴ የቀን መቁጠሪያ ሰቅላበታለች። ካቻምና ባለ አንድ ገጹ ትንሹ ይሸፍነው ነበር። አምና ባንክ የሚሰጠውን ትልቁን ፈለግን። ዘንድሮ ትልቁም ከታች በኩል ሁለት ጣት አጠረ፤ አባቴ በቁመቱ ረዘም ያለ የመስጊድ የሶላት ሰዓት መቁጠሪያ አመጣና ከሥሩ አስቀጠለ። ሁላችንም እናውቃለን። ማንም ስለ ስንጥቁ አያወራም። እንግዳ ሲመጣ «ስንት ቀን ሆነ?» ብሎ ቀና ሲል ሁላችንም ትንፋሻችንን እንይዛለን።

በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ጎፋ ላይ ናዳው ሰው ሲቀብር፣ ለማዳን የሮጠውን ሰው ደግሞ ሁለተኛው ናዳ ሲቀብረው፣ አባቴ ተነሥቶ ቴሌቪዥኑን ዘጋ። «ራት አቅርቡ» አለ። ከሁለት መቶ በላይ ሰው የሞተበት ዜና ላይ። ያን ጊዜ ልበ ደረቅ መስሎኝ ነበር።

መጠይቅ ይዞ ቢመጣ አባቴም «በፍጹም» ይላል።

ሽምብራ_ቆጣሪ · ሐምሌ 21፣ ከምሽቱ 4፡50

ልጄ፣ ከቀን መቁጠሪያው አጠገብ በእርሳስ ቀንና ወር ጻፍ፤ ስንጥቁ ጫፍ ላይ ጭረት አድርግ። በየወሩ። ስንት ጣት እንደሄደ ታውቃለህ። በዝናብ ወቅት ቶሎ ከሰፋ፣ በር መዝጋት ካስቸገረ፣ የአጥር ምሰሶ ካዘመመ ማታውን እዚያ አትደሩ።

ጦሳ_ሥር · ሐምሌ 21፣ ከምሽቱ 4፡58

በሩ ከሰኔ ጀምሮ ያስቸግራል።

ጋቢዮን · ሐምሌ 21፣ ከምሽቱ 5፡03

በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። እሑድ ደሴ ነኝ፤ መጥቼ አየዋለሁ። ክፍያ የለውም፤ እናትህ ካልተከፉ የቀን መቁጠሪያውን አነሣዋለሁ።

ቦርከና_ዳር · ሐምሌ 26፣ ከምሽቱ 1፡45

ተመልሻለሁ። እናቴን «ያሰጋሻል?» ብዬ አልጠየቅኋትም። ምስር እየለቀመች ሳለ «እማ፣ ደራሽ በሌሊት ቢመጣ መጀመሪያ ምን ታነሻለሽ?» አልኋት።

ምስሩን ሳታቋርጥ አንድ ሰዓት አወራች። መጀመሪያ ጎረቤታችን ያሉትን እግራቸውን የሚያማቸውን አሮጊት። ከዚያ ጀሪካኑን። በጉን አትፈታውም፤ ገመዱን ትቆርጠዋለች፤ ለዚያ ቢላዋ በሩ ጀርባ አለ (ሃያ ዓመት ሙሉ ለምን እዚያ እንደሚቀመጥ ገርሞኝ አያውቅም)። የትኛው መንገድ እንደሚቆረጥ፣ የየትኛው ጎረቤት አጥር ከኋላ እንደሚከፈት ታውቃለች።

ምልክቱንም ነገረችኝ። የዝናቡ ብዛት አይደለም። ወንዙ ውስጥ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ የሚሰማ፣ ከሩቅ በር እንደሚንኳኳ ያለ ድምፅ አለ። ውሃው የቡና አተላ ሲመስል፣ ገለባና ቅርንጫፍ በመካከሉ ሲመጣ። ከሁሉ በፊት ግን በደሴ በኩል፣ ከሐረጎ ተራራ በላይ ያለውን ሰማይ ማየት። «ደሴ ሲዘንብ እኛ እዚህ ልብስ እናሰጣለን» አለች። ነገሩ እውነት ነው፤ በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ያለን፤ ከፍታው ግን ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ይወርዳል። የእነርሱ ዝናብ የእኛ ጎርፍ ነው።

«ታዲያ ለልጆቹ ለምን በፍጹም አልሽ?»

ምስሩን አስቀመጠች። «እፈራለሁ ብላቸው ምን ያመጡልኛል? ተነሺ ይሉኛል። የት? አባትህን የቀበርሁት እዚህ ነው፤ እድሬ እዚህ ነው። አልፈራም ያልሁት ጎርፉን መሰለህ?»

ይህን በየትኛው ሳጥን ምልክት እንደማደርግ አላውቅም፤ ሦስቱም አይሆኑም።

ግልጹን_እናውራ · ሐምሌ 26፣ ከምሽቱ 2፡09

ይቅርታ፤ እናትህ ግንዛቤ ማስጨበጫውን ለእኔ ይስጡኝ።

የጅዳዋ · ሐምሌ 26፣ ከምሽቱ 2፡30

አንድ ነገር ልጠይቅ። የጦሳው ልጅ ደሴ ነው፤ እናትህ ኮምቦልቻ ናቸው። ደሴ ሲዘንብ የሚደውል ሰው አላቸው?

ቦርከና_ዳር · ሐምሌ 26፣ ከምሽቱ 2፡33

የላቸውም። ሰማዩን ነው የሚያዩት። ሌሊት ደግሞ ሰማይ አይታይም።

ጋቢዮን · ሐምሌ 26፣ ከምሽቱ 2፡51

ቫሌንሲያ ላይ፣ የስፔን የባሕር ከተማ ማለቴ ነው፣ በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት 19 በየሰው ስልክ ላይ የሚጮኸው ማስጠንቀቂያ የተላከው ማታ ነው፤ ብዙ ሰፈር ቀድሞ ተጥለቅልቆ ነበር። ከ220 በላይ ሰው ሞተ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። መሣሪያው ሳይጠፋ። ስለዚህ የጦሳውን ልጅ ስልክ አትናቁት።

(የጦሳ_ሥርን ቤት እሑድ አይቼዋለሁ። ለጊዜው እናትና አባት ከታች ወደ እህታቸው ቤት ወርደዋል። ዝርዝሩን ከፈለገ እርሱ ይጻፍ።)

ጦሳ_ሥር · ሐምሌ 26፣ ከምሽቱ 3፡20

አልጽፍም፤ እናቴ ገና ተቆጥታለች። ስልኩን ግን እቀበላለሁ። ቁጥሩን በውስጥ መስመር ላክልኝ።

ጦሳ_ሥር · ነሐሴ 3፣ ከቀኑ 9፡12

ደሴ ላይ ከባድ ዝናብ ጀምሯል፤ ከበረዶ ጋር። ሮቢት በኩል መንገዱ ውሃ ይዟል። ለእናትህ ደውያለሁ።

ቦርከና_ዳር · ነሐሴ 3፣ ከቀኑ 9፡20

እኔ አዲስ አበባ ነኝ። ምን አለች?

ጦሳ_ሥር · ነሐሴ 3፣ ከቀኑ 9፡21

«እዚህ ፀሐይ ነው» አሉኝ። ከዚያ ዝም አሉ። ከዚያ «ቆይ፣ ልብሴን ላስገባ» አሉና ዘጉት።

ቦርከና_ዳር · ነሐሴ 3፣ ከምሽቱ 1፡05

ቦርከና ሞላ፤ ደፈረሰ፤ ከዳርቻው ግን አልወጣም። አሮጊቷን ጎረቤታችንን ወደ ላይ አውጥተው መልሰዋቸዋል። በጉ ገመዱ ተቆርጦ ሰፈር ሲዞር አመሸ። ልብሱ ሳይደርቅ ታጥፎ ስለገባ ሸትቶ እንደገና ታጥቧል፤ እናቴ «ለዚያ ልጅ ንገረው፤ የሳሙናዬን ይክፈለኝ» ብላለች።

ጦሳ_ሥር · ነሐሴ 3፣ ከምሽቱ 1፡11

ሳሙናው ዕዳዬ ነው። ገመዱንም ጨምርበት። አሁንም ደመናው አልወረደም፤ ማታ ስልካቸውን እንዳያጠፉት ንገራቸው።